ቤት የጠመቁትን የእንግሊዝ ኤል በኬግ ጋዝ አስይዞ በጠርሙስ የማሸግ ዝርዝር መመሪያ

ቤቱ ቢተር፣ ማይልድ ወይም ፖርተር የተባሉትን የእንግሊዝ ኤል (ለብ ባለ ሙቀት የሚፈላ ቢራ) ዓይነቶች የጠመቀ ሰው፣ ቢራው ኬግ (ግፊት የሚችል የብረት በርሜል) ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጋዙ ምን ያህል ይሁን? ወደ ጠርሙስ ሲቀዳስ ያ ጋዝ እንዴት ሳያመልጥ ይቆይ? በዚህ ጉዳይ ከሚጻፈው አብዛኛው ለላገር (በብርድ የሚፈላ ቢራ) እና ለአሜሪካ አይፒኤ (ምሬቱ የበዛ ኤል) የታሰበ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ለእንግሊዝ ኤል የወሰደ ሰው ምላስ የሚቆነጥጥ፣ የብቅሉ ጣዕም በጋዝ የተሸፈነ፣ ቆርኪው ሲነሳ ጠረጴዛ ላይ የሚገነፍል ቢራ ይደርሰዋል።

የእንግሊዝ ኤል ትንሽ ጋዝ ነው የሚወደው። ይህም ለሚያሽገው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጋዙ ያነሰ ቢራ ሲቀዳ አረፋውም ያንሳል፣ ስለዚህ ውድ መሙያ ሳይገዛ በአንድ ቱቦ በደንብ ይታሸጋል። ዋናው ትግል ከአየር ጋር ነው።

በስኳር ወይስ ከኬግ?

የቆየው መንገድ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ስኳር ጨምሮ የቀረው እርሾ ጋዙን እንዲሠራ መተው ነው። በብሪታንያ «ሪል ኤል» የሚባለው ቢራ ጋዙን የሚያገኘው በዚሁ መልክ፣ ከራሱ እርሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ካምራ የተባለው የኤል ወዳጆች ማኅበር ሲነሳ የተቃወመው የዘመኑን የፋብሪካ ኬግ ቢራ ነበር፤ ተጣርቶ፣ በሙቀት ታክሞ፣ በጋዝ ተገፍቶ የሚቀዳውን። ስለዚህ «ኤል በኬግ» ሲባል ዛሬም ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አሉ። እኔ እንደማየው ግን ቤት ውስጥ የምንሞላው ኬግ ያልተጣራና ያልታከመ ቢራ ስለሆነ ጋዙን ዝቅ አድርጎ ለያዘው ሰው ብረቱ ራሱ ጣዕም አይነካም።

ከኬግ ስታሽጉ የምታገኙት ጥቅም ግልጽ ነው። ጋዙ ከመጀመሪያው ጠርሙስ እስከ መጨረሻው እኩል ይሆናል፣ ከጠርሙሱ ሥር አተላ አይኖርም፣ ጠርሙሶቹን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጦ ሁለት ሳምንት መጠበቅም የለም። የምታጡት አንድ ነገር ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚሠራ እርሾ አብሮ የገባውን ኦክስጅን በከፊል ይበላል። እዚህ ያ ጠባቂ የለም። ስለዚህ ለዓመታት ሊቀመጥ የታሰበ፣ ባርሊ ዋይን የሚባል ጠንካራ ኤል ካላችሁ በስኳርና በእርሾ አሽጉት፤ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሚጠጣ ቢተር ግን ከኬግ ይሻለዋል።

መፍላቱ ማለቁን አረጋግጡ

ሃይድሮሜትሩ (የቢራውን ጥግግት ከውኃ ጋር አነጻጽሮ የሚለካው መሣሪያ፤ ስኳሩ ሲያልቅ ቁጥሩ ይወርዳል) ለሦስት ቀን ተመሳሳይ ቁጥር ማሳየት አለበት። በ1.042 የጀመረ ቢተር ብዙ ጊዜ 1.010 አካባቢ ይቆማል። አንዳንድ የእንግሊዝ እርሾዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ ቶሎ ወደ ሥር የመዝቀጥ ጠባይ አላቸው። ቁጥሩ 1.018 ላይ ከቆመ ዕቃውን ቀስ ብላችሁ በማወዛወዝ እርሾውን አስነሱትና ሙቀቱን ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ አድርጉ። ይህን ችላ ያለ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በኋላ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ኬግ ዝም ይላል፤ ከሱ የተሞላው ጠርሙስ ግን ሙቀት ሲያገኝ እንደገና መፍላት ይጀምራል፣ ጠርሙስ የሚፈነዳውም እንዲህ ነው።

ቢራውን ወደ ኬግ ከማዛወራችሁ በፊት ከኬጉ አየሩን አስወጡ። አስተማማኙ መንገድ ኬጉን እስከ አፉ ጀርም መግደያ በተበጠበጠበት ውኃ ሞልቶ ክዳኑን መግጠምና ውኃውን በካርቦንዳይኦክሳይድ ገፍቶ ማስወጣት ነው። ውኃው ሲያልቅ ኬጉ በጋዝ ብቻ ተሞልቷል። ቢራውን በቱቦ በፈሳሽ መውጫው በኩል ከሥር አስገቡት፤ ከላይ ማንቆርቆር አየር ያስገባል።

ጥርት ያለ ቢራ ከፈለጋችሁ ማጥሪያ የሚጨመረው አሁን ነው። በብሪታንያ የቆየው ማጥሪያ አይዚንግላስ ነው፤ ከዓሣ የመንሳፈፊያ ከረጢት የሚሠራ ነው። ጄላቲንም ይሠራል። ከዚያ ኬጉን ሁለትና ሦስት ቀን በ2 ወይም በ4 ዲግሪ አቆዩት። በብርድ ጊዜ ቀጭን ደመና የመሰለ ነገር ቢታይ አትደንግጡ፤ በብርድ የሚረጋ ፕሮቲን ነው፣ ቢራው ሞቅ ሲል ይጠፋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

19 ሊትር የሚይዝ፣ ኮርኒ የሚባለው የኬግ ዓይነት፣ የካርቦንዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ከሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) ጋር፣ የጋዝና የፈሳሽ ማገናኛ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ከ2 እስከ 3 ሜትር የቢራ ቱቦ፣ በእጅ የሚጫን የመቅጃ ቧንቧ፣ እስከ ጠርሙስ ሥር የሚደርስ ጠንካራ ቀጭን ቱቦ፣ አዲስ ቆርኪ እና የቆርኪ መግጠሚያ። የቱቦው ርዝመት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አጭር ቱቦ ቢራውን በኃይል ያስወጣዋል፣ በኃይል የወጣ ቢራ ደግሞ አረፋ ነው።

ጠርሙሱ ለቢራ የተሠራ፣ ቡናማ፣ ቆርኪው በመክፈቻ የሚነሳ ይሁን። ቆርኪው በእጅ የሚጠመዘዝ ጠርሙስ በቤት መግጠሚያ በደንብ አይታሸግም። ነጭ ጠርሙስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃን ሆፑን (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባውን አበባ) ሲያገኘው ቢራው መጥፎ ጠረን ያመጣል። 19 ሊትር ኬግ በስሌት 38 ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይሞላል፣ በተግባር ግን 35 ወይም 36 ከሞላ ጥሩ ነው።

ስለ ሲሊንደሩ ሁለት ቃል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውስጡ ያለው ግፊት 57 ባር አካባቢ ነው፤ ያለ ሬጉሌተር አይከፈትም፣ ቆሞ በገመድ ወይም በሰንሰለት ይታሰር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለና በተዘጋ ክፍል ይጠራቀማል፤ መስኮት ክፈቱ።

ጋዙን መለካት

ጠማቂዎች ጋዝን የሚለኩት በ«ቮልዩም» ነው። አንድ ሊትር ቢራ አንድ ሊትር ካርቦንዳይኦክሳይድ ካሟሟ 1 ቮልዩም ይባላል፤ በክብደት 2 ግራም ገደማ በሊትር ማለት ነው። ከእንጨት ወይም ከብረት በርሜል (ካስክ) በእጅ ፓምፕ የሚቀዳ ኤል ከ1 እስከ 1.5 ቮልዩም ይይዛል። በጠርሙስ የሚታሸገው ትንሽ ከፍ ብሎ ከ1.8 እስከ 2.2 ይሆናል። ላገር 2.5 አካባቢ ነው፣ ልዩነቱ ምላስ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

እኔ ለቢተርና ለፖርተር ኬጉን 2.0 ላይ አደርሰዋለሁ። ሲቀዳ ትንሽ ስለሚያመልጥ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀረው 1.8 ወይም 1.9 ነው፣ የምፈልገውም እሱን ነው። ማይልድ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል።

ቢራ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጋዝ ይይዛል፣ ስለዚህ ሬጉሌተሩ ላይ የሚሞላው ግፊት በቢራው ሙቀት ይወሰናል። ለ2.0 ቮልዩም የሚያስፈልገው ግፊት በግምት ይህ ነው (ፒኤስአይ ሌላው የግፊት መለኪያ ነው)፦

2 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ 0.35 ባር (5 ፒኤስአይ)
4 ዲግሪ፦ 0.45 ባር (6.5 ፒኤስአይ)
8 ዲግሪ፦ 0.65 ባር (9.5 ፒኤስአይ)
12 ዲግሪ፦ 0.9 ባር (13 ፒኤስአይ)

እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ጠለል የተሰሉ ናቸው። ሬጉሌተር የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ማካካስ ያስፈልጋል። 2000 ሜትር ላይ ወደ 0.2 ባር ጨምሩ። ደገኛ ሆኖ ይህን የማያውቅ ጠማቂ ቢራው ለምን ሁልጊዜ እንደሚሞትበት (ጋዝ እንደሚያጣበት) ግራ ይገባዋል።

ሙቀቱን ስትለኩ የፍሪጁን አየር ሳይሆን የቢራውን ለኩ። 19 ሊትር ቢራ ፍሪጅ ገብቶ እስኪቀዘቅዝ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ጋዙን ማስያዝ

መጀመሪያ ክዳኑ ጎሚኒው ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ለአፍታ 1.5 ባር ስጡት። ክዳኑን፣ የመግቢያና መውጫ ማገናኛዎቹንና የሬጉሌተሩን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋ እየተነፋ ከወጣ ያስተነፍሳል፤ ጎሚኒውን ለምግብ ዕቃ የሚሆን ቅባት ቀብታችሁ መልሱት ወይም ቀይሩት። ቀስ ብሎ የሚያስተነፍስ ኬግም ሙሉ ሲሊንደር ሳይታወቅ ባዶ ሊያደርግ ይችላልና ይህን አትዝለሉት። ከዚያ በክዳኑ ላይ ያለውን መተንፈሻ ሦስት አራት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጉ፤ ከላይ የቀረ አየር ካለ ይወጣል።

አሁን ምርጫው ሁለት ነው።

የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። ግፊቱን ከላይ ባለው ቁጥር ላይ አድርጋችሁ ኬጉን ከጋዙ ጋር እንደተገናኘ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ተዉት። ከዚያ በላይ ቢቆይም ከልኩ አያልፍም፤ ግፊቱና ሙቀቱ ካልተቀየሩ ቢራው መያዝ ያለበትን ይዞ ይቆማል። ለእንግሊዝ ኤል እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ቢራው ይጠራል፣ ጥሬ የእርሾ ጣዕሙም ይበርዳል።

ሁለተኛው ማወዛወዝ ነው። ግፊቱን እዚያው ልኩ ላይ አድርጉ፣ ኬጉን ጭናችሁ ላይ አጋድማችሁ ወዲያና ወዲህ አንከባሉት። ጋዙ ሲገባ ሬጉሌተሩ ውስጥ ሲጮኽ ትሰማላችሁ፤ ድምፁ እየደከመ ሄዶ ሲጠፋ ቢራው ጠግቧል። ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጉዳቱ የዘቀጠው ሁሉ መነሳቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት፣ ሳይነካ ይቀመጥ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፦ 2 ባር ሰጥቶ ለአንድ ቀን መተው። ለላገር ይሆን ይሆናል። ለኤል ግን ልኩ በጣም ቅርብ ስለሆነ ሳይታወቅ ይታለፋል፣ ያለፈውን ማስወጣት ደግሞ ከማስገባቱ ይከብዳል። ካለፈባችሁ ጋዙን ንቀሉ፣ መተንፈሻውን ሳቡ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ድገሙት። ኬጉ ትንሽ ሞቅ ቢል ይፈጥናል።

ልኩን በምላስ ፈትሹ። አንድ ብርጭቆ ቅዱና 12 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁት፤ የእንግሊዝ ኤል የሚጠጣው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነውና በፍሪጅ ብርድ ፍርድ መስጠት ያሳስታል። ምላስን ሳይቆነጥጥ የብቅሉን ጣፋጭነትና የሆፑን ምሬት ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ንቃት ካለው ደርሷል። ለጠርሙስ ግን ከብርጭቆ ጣዕሙ በጥቂቱ ከፍ ያለ ይሁን።

ጠርሙሱን ማዘጋጀት

ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቆሸሸ ጠርሙስ ላይ ጀርም መግደያ ቢፈስ ዋጋ የለውም። በሶዲየም ፐርካርቦኔት ወይም በሌላ የጠማቂ ማጠቢያ ዘፍዝፉ፣ በብሩሽ እሹ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ሥሩን እዩ። ቀለበት የመሰለ ክብ መስመር ካለ አልጸዳም፤ እሱ ላይ ጀርም ብቻ ሳይሆን የጋዝ አረፋም ይነሳበታል።

ጀርም ለመግደል ስታር ሳንን የመሰለ በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠራ፣ ማለቅለቅ የማይፈልግ ፈሳሽ ይመቻል፤ መጠኑ በሊትር ውኃ 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ጠርሙሱን አንጠባጥቡት እንጂ አታድርቁት፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ቢራ በሰላም ይወርዳል፣ ደረቅና አቧራ ያለበት ላይ ግን ያረፋል። ኬጉ አጠገብ በረኪና አታድርሱ። ክሎሪን የማይዝገውን ብረት ይበሳዋል፣ ከአሲድ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከዚያ ጠርሙሶቹን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እላለሁ። ቀዝቃዛ ቢራ ሞቃት ጠርሙስ ሲነካ ጋዙን ይለቃል፤ ጠርሙሱ እንደ ቢራው ከቀዘቀዘ ግማሹ ችግር ሳይጀመር አለቀ። ቱቦውንና ቧንቧውንም አብራችሁ አቀዝቅዙ።

መሙላት

ሁለት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ አንዱ ይሞላል፣ አንዱ ቆርኪ ይገጥማል። ወለሉ ላይ ትሪ አድርጉ፣ አንድ ጆግ ጀርም መግደያ አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ ቆርኪዎቹም በሱ ውስጥ ይነከሩ።

ጋዙን ከኬጉ ንቀሉና መተንፈሻውን ሳቡ፣ የሚያፏጨው ድምፅ ሊጠፋ ሲል ልቀቁት። ሬጉሌተሩን ወደ 0.15 ወይም 0.2 ባር ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ አገናኙ። ቢራውን የሚገፋው ይህች ትንሽ ግፊት ናት። በዚህ ግፊት የቢራው ጋዝ ቀስ በቀስ መውጣት ይጀምራል፣ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጨረሳችሁ የሚጎዳ አይደለም።

የመጀመሪያውን ግማሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ ድፉ፤ ከኬጉ ሥር የተጠራቀመው አተላ ከሱ ጋር ይወጣል።

ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጡ። ከሬጉሌተሩ በተከፈለ ሁለተኛ የጋዝ ቱቦ እስከ ሥሩ አስገብታችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ጋዝ ስጡት። ጋዙ ከባድ ስለሆነ ከሥር እየሞላ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ የቢራውን ቱቦ ሥሩን እስኪነካ አስገቡ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ብዙ ሰው አረፋ ፈርቶ ቧንቧውን በግማሽ ይከፍተዋል፤ ይህ ነው አረፋውን የሚያመጣው፣ ቢራው በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይናጣልና። ሙሉ ተከፍቶ በዝቅተኛ ግፊት ሲፈስ ከሥር ጸጥ ብሎ ይነሳል፣ ከላዩ አንድ ጣት የምታህል አረፋ ብቻ ይዞ።

አረፋው አፉ ላይ ሲደርስ ዝጉና ቱቦውን ቀስ ብላችሁ አውጡ። ቱቦው የያዘው ቦታ ሲለቀቅ ቢራው ወርዶ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዋል፣ የሚፈለገው ልክም ይኸው ነው። ቆርኪውን በአረፋው ላይ አስቀምጡ። ቆርኪው ሲጫን አረፋው በጎን እየወጣ መሆን አለበት፤ ያ አረፋ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው፣ በሱ ቦታ አየር አልቀረም ማለት ነው። አረፋው ከወረደባችሁ የጠርሙሱን ጎን በማንኪያ እጀታ መታ መታ አድርጉት፣ ይነሳል። ወዲያው ግጠሙት። ሃያ ጠርሙስ ሞልቶ ከዚያ በኋላ ቆርኪ መግጠም የሚሉ አሉ፤ ይህን ያህል አየር ለማስገባት ከሆነ ከመነሻው መልፋት አያስፈልግም ነበር።

ቢራው ከ2.2 በላይ ጋዝ ካለው ቱቦው ብቻውን አይበቃም። መሀሉ ተበስቶ ቱቦው ያለፈበት ጎሚኒ ክዳን ጠርሙሱ አፍ ላይ ግጠሙ። ቢራው ሲገባ ጠርሙሱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፣ ፍሰቱም ይቆማል፤ የክዳኑን ጠርዝ በአውራ ጣት ቅንጣት ያህል ስታነሱት ጋዙ ይተነፍሳል፣ ቢራው ይቀጥላል። ግፊቱን የሚያመጣጥኑት ውድ መሙያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

በየጠርሙሱ መሀል ቱቦውን ጆጉ ውስጥ አኑሩት። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጨምራችሁ ሙሉ፣ አየሩን ጨምቃችሁ ዝጉት፤ ከቀን በኋላ በእጅ ስትጫኑት ጠንክሮ ከሆነ የሌሎቹም ጋዝ እንዳለ ነው።

ሲበላሽ

አረፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ጠርሙሶች ላይ ብቻ ከበዛ ቱቦው ሞቃት ነበር። እስከ መጨረሻው ከቀጠለ ቢራው አልቀዘቀዘም፣ ጋዙ በዝቷል ወይም ግፊቱ አልወረደም፤ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ቱቦው ውስጥ የሚሮጥ የአየር ኳስ ካያችሁ የፈሳሹ ማገናኛ ጎሚኒ አልቋል።

ጠርሙሱ ከሳምንት በኋላ ሞቶ ከተገኘ ቆርኪው አልጠበቀም። የተገጠመ ቆርኪ በጣት ሲጠመዘዝ መዞር የለበትም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ጋዙ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ወይ መፍላቱ አላለቀም ወይ ጀርም ገብቷል፤ ሁሉንም ጠርሙስ ፍሪጅ አስገቡና ቶሎ ጠጧቸው፣ ስትከፍቱም ፎጣ ጠቅልሉበት። እርጥብ ካርቶን የሚል ጣዕም ከመጣ አየር ገብቷል፣ ለሱ መድኃኒት የለውም።

ማስቀመጥ

ጠርሙሶቹ ቆመው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ብለው ይቀመጡ። ብርድ ኦክሳይድ መሆንን ያዘገያል፤ የሆፕ መዓዛው ዋነኛ የሆነ ቢተር በሁለት ወር ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፣ ፖርተር ትንሽ ይታገሳል። በቆርኪው ላይ የታሸገበትን ቀን በማርከር ጻፉ። ለወዳጅ የምትሰጡት ከሆነ የሚጠጣበትን ሙቀትም ንገሩት፣ አለዚያ በረዶ አድርጎ ጠጥቶ ጣዕም የለውም ይላችኋል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ቤት ውስጥ ለራስ መጥመቅ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መሸጥ ግን ሌላ ሕግ ነው፣ በየአገሩም እንዲሁ ይለያያል።

ኬጉ ባዶ እንደሆነ በዚያው ቀን ግፊቱን አስተንፍሳችሁ ፍቱት። የመቅጃ ቧንቧውንና ቱቦውን በሞቀ የማጠቢያ ውኃ አሳልፉ፣ ጎሚኒዎቹን አውጥታችሁ ለብቻ እጠቡ። ቱቦው ውስጥ የደረቀ ቢራ የሚቀጥለውን ጥንስስ ያበላሻል፤ ቱቦው ጠረን ከያዘ ማሸቱን ትታችሁ አዲስ ግዙ።